የሻርክ ቆዳ ጥርስ ፍለጋ፦ ከአንድ ባልዲ አሸዋ እስከ ማይክሮስኮፕ

ማርች መጨረሻ፦ አሸዋው

ባልዲው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። አሸዋው የመጣው ከሰሜን ካሮላይና፣ አውሮራ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከምኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በመኪና ከአምስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከከተማዋ አቅራቢያ ትልቅ የፎስፌት ማዕድን ማውጫ አለ። አገር ቤት ገበሬው ዳፕ የሚለው ማዳበሪያ የሚሠራው ከፎስፌት ነው። ማውጫው ሲቆፈር ግን ፎስፌቱ ብቻውን አይወጣም። አንድ የጥንት ባሕር ወለል አብሮት ይገለበጣል።

ከማውጫው የተረፈው ድንጋይና አሸዋ ከተማዋ ውስጥ ባለው የቅሪተ አካል ሙዚየም ደጅ ላይ ይቆለላል። ክምሩ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ልጆች በፕላስቲክ አካፋ ይጭራሉ፣ አዋቂዎች ተንበርክከው ይለቅማሉ። ምን ያህል መውሰድ እንደሚፈቀድ መጀመሪያ ጠየቅሁ፤ ከዚያ የተባልኩትን ያህል ሞላሁ።

እዚያ የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሜጋሎዶን የሚባለው የጠፋ ግዙፍ ሻርክ ጥርስ ላይ ነው። እኔ የፈለግሁት እነሱ ወንፊታቸውን ሲነቀንቁ መሬት ላይ የሚፈሰውን ነው። እሱ ውስጥ ዴንቲክል አለ።

ዴንቲክል ማለት የሻርክ ቆዳ ላይ ያለው ጥርስ ነው። ጥርስ ስል ማጋነኔ አይደለም። መሃሉ ላይ እንደ እኛ ጥርስ ነርቭና ደም ሥር የሚገባበት ክፍተት አለው፤ በዙሪያው ዴንቲን የሚባለው የጥርስ ዋና አካል፣ ከላይ ደግሞ እንደ ጥርሳችን ነጭ ሽፋን፣ እንደ ኢናሜል ያለ ጠንካራ ሽፋን። የሌላው ዓሣ ቅርፊት ከባለቤቱ ጋር ያድጋል። ዴንቲክል አያድግም። ያረጀው ይወድቃል፣ አዲስ ይተካል። ሻርክ ሲተልቅ ቆዳው ላይ ብዙ ይጨመርለታል። አንድ ሻርክ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ዴንቲክል አፉ ውስጥ ካለው ጥርስ ጋር አይወዳደርም፤ እጅግ ይበዛል። አጽሙ ግን ልም አጥንት ስለሆነ ሲሞት ይበሰብሳል። ስለዚህ ስለ ጥንት ሻርኮች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከሁለቱ ነው፦ ከአፉ ጥርስና ከቆዳው ጥርስ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይሰበስበዋል። ሁለተኛውን የሚፈልገው ጥቂት ሰው ነው፤ ምክንያቱም ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያም የሚያንስ ሞልቷል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልጻፍ። ክምሩ ውስጥ ሁለት ንጣፎች ተደባልቀዋል። ፑንጎ ሪቨር የሚባለው የማዮሲን ዘመን ነው። ዮርክታውን የሚባለው ከሱ በላይ ያለው፣ በዕድሜ የሚያንሰው የፕላዮሲን ነው። ማዮሲን ከ23 እስከ 5.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ፕላዮሲን ከዚያ ቀጥሎ እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ነው። አንዲት ጥርስ ከየትኛው እንደመጣች ከክምሩ ላይ መናገር አይቻልም። ቆጠራ ላይ ስንደርስ ይህ ዋጋ ያስከፍላል።

ኤፕሪል መጀመሪያ፦ ወንፊት

ወጪው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ፈላጊዎች የሚጠቀሙበት፣ ባልዲ አፍ ላይ ልክ የሚገጥም የፕላስቲክ ወንፊት አለ። አንዱ ወደ 20 ዶላር ነው። በባለ 4፣ በባለ 2 እና በባለ 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ገዛሁ። ለደቃቁ ግን ይህ አይሆንም። ባለ 0.5 እና ባለ 0.25 ሚሊሜትር የላቦራቶሪ ወንፊት ያስፈልጋል፤ የማይዝግ ብረት ነው፣ አንዱ ወደ 50 ዶላር። አሜሪካ ውስጥ በቁጥር ነው የሚሸጡት፦ ቁጥር 18 ማለት 1 ሚሊሜትር፣ ቁጥር 35 ማለት 0.5፣ ቁጥር 60 ማለት 0.25። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ስታዝዙ ይህን ልብ በሉ።

ኩሽና ያለውን የዱቄት ወንፊት ሞክሬዋለሁ። ከማስመሪያ ጋር አድርጌ ፎቶ አንስቼ ሳየው ቀዳዳው እኩል አይደለም፤ እርጥብ አሸዋ ሲጫነውም ሽቦው ይለጠጣል። ለዱቄት ይሁን፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የወንፊት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ባለ 4 ሚሊሜትሩ ላይ ያቆመ ሰው የሚያየው ማኮ፣ ሄሚፕሪስቲስና ትልልቅ ግራጫ ሻርኮችን ነው። ያ ባሕር በትልልቅ አዳኞች ብቻ የተሞላ ይመስለዋል። ወደ 1 ሚሊሜትር ሲወርድ መልአክ ሻርክና ድመት ሻርክ ይመጡለታል፤ ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ የሻርክ ዘመድ ጥርስ ይጎርፋል። ከዚያ ሲወርድ ዴንቲክል ይገኛል። ባሕሩ አንድ ነው፣ አሸዋው አንድ ነው። የተለወጠው የቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ የሻርክ ጥርስ ሰበሰብኩ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ወንፊት እንደሆነ ነው።

ኤፕሪል አጋማሽ፦ እጥበት

አሸዋው ውስጥ ሸክላ አለ፤ ተጣብቆ ይመጣል። በሳፋ ውሃ ነክሬ፣ ቤኪንግ ሶዳ በሾርባ ማንኪያ ጨምሬ አሳደርኩት። ጠዋት በእጅ ሲነካ ይፈርሳል። የማይፈርሰውን እብጥ እንደገና አድርቄ ነከርኩት። ደርቆ ሲነከር ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ይበትነዋል፤ እርጥቡን እያሹ ከመታገል ይሻላል።

ወንፊቶቹን ደራርቤ፣ ሰፊውን ከላይ ጠባቡን ከታች አድርጌ፣ ጓሮ ውስጥ በጎማ ውሃ አጠብኩ። ባለ 0.25ው ቶሎ ይደፈናል። መጀመሪያ ውሃውን ከላይ በኃይል ለቀቅሁበት፤ ባሰበት። የሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ ወንፊቱን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ድረስ ማስገባትና ቀስ እያሉ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ። ውሃው ከታች ሲገባ የተሰነቀረውን ፍሬ ያነሳዋል። በጣት መግፋት አይገባም። የዴንቲክል ጫፍ ስስ ነው፣ ይሰበራል።

ጭቃውን ውሃ የቤት ቧንቧ ውስጥ እንዳትደፉ። ሁለተኛ ባልዲ ውስጥ አድሮ ይዝቀጥ፤ ከላይ የጠራውን ለአትክልት፣ ከታች ያለውን፣ የማትፈልጉት ከሆነ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ።

ወንፊት ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ፍሬ ለሌላ ጊዜ ከሌላ ቦታ ከሚመጣ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የካሮላይናን ዴንቲክል የሜሪላንድ ነው ብሎ መመዝገብ ነው። ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ወንፊቱን ካጠቡ በኋላ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ይነክሩታል። ተሰንቅሮ የቀረ ፍሬ ካለ ሰማያዊ ይሆናል፤ በሚቀጥለው አሸዋ ውስጥ ቢገኝ ያስታውቃል። ቀለሙ የጌጥ ዓሣ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ አለ። ጓንት አድርጉ፤ እጅ ላይ ይሰነብታል።

ለማድረቅ ጋዜጣ ላይ አስጥቼ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ነፋስ ሲነሳ ደቃቁ እንደሚሄድ ሳይ ወደ ቤዝመንት አስገባሁት። ትሪ ላይ፣ ፋን ሳይነካው፣ ጊዜ ወስዶ ይድረቅ።

ኤፕሪል መጨረሻ፦ አቼቶ

ከታጠበው አሸዋ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዛጎል ስብርባሪ ነው። ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በአሲድ ይሟሟል። ጥርስና ዴንቲክል አፓታይት ናቸው፤ ካልሲየም ፎስፌት ማለት ነው። የሻርክ ጥርስ የላይኛው ሽፋን ደግሞ ፍሎራይድ ያለበት አፓታይት ነው። ደካማ አሲድ አንዱን በልቶ ሌላውን ይተዋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ አሴቲክ አሲድ ይሄዳል፤ ሱቅ የሚሸጠው ነጭ አቼቶ 5 በመቶው አሴቲክ አሲድ ነው። አንድ ጋሎን ከጥቂት ዶላር አይበልጥም።

ግን ይተዋል ሲባል ሙሉ በሙሉ አይደለም። አቼቶ ብቻውን፣ የሚበላው ዛጎል ሲያልቅበት፣ ወደ ጥርሱ ይዞራል። ዋናውን አሸዋ ከመንካቴ በፊት የተሰባበሩ ጥርሶች ለሙከራ መደብኩ። ግማሹን በአቼቶ ብቻ፣ ግማሹን በአቼቶና ብዙ የተፈጨ ዛጎል ውስጥ አስቀመጥኩ። ዛጎል ያልነበረበት ሥሩ ነጣ፣ አቧራ የለበሰ መሰለ፣ በጥፍር ሲነካ ተፋቀ። ዛጎል የነበረበት አንጸባራቂነቱን እንደያዘ ወጣ።

ምክንያቱ ኬሚስትሪው ውስጥ ነው። አሲዱ ዛጎሉን ሲበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየፈላ ይወጣል፣ ካልሲየም አሲቴት ደግሞ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ይህ ካልሲየም አሲቴት አሲዱን ያለዝበዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር የቀረውን፣ ሥራውን የጨረሰውን አቼቶ አልደፋም። አጥልዬ አስቀምጬ ለሚቀጥለው ዙር ከአዲሱ ጋር እቀላቅለዋለሁ። ትንንሽ ቅሪተ አካላትን ከኖራ ድንጋይ የሚያወጡ ባለሙያዎች ከቆየ ጊዜ ጀምረው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሌላ ዋጋም አለ። አሲዱ ዛጎሉን ብቻ አይደለም የሚወስደው። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት፣ የባሕር ጃርት እሾህ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው የባርናክል ቁራጭ፣ ሁሉም ካርቦኔት ናቸው፤ ይሄዳሉ። እነሱ ለሌላ ሰው ትልቅ ነገር ናቸው። ስለዚህ ከባልዲው ላይ አሲድ ያልነካው አንድ ከረጢት ለይቼ፣ ምልክት አድርጌበት አስቀምጫለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አባይ በረሃን ቁልቁል የወረደ ሰው ገደሉ ላይ ያያቸው የነበሩት የኖራ ድንጋይ ንጣፎች የጁራሲክ ዘመን ባሕር ዝቃጮች ናቸው፤ ትግራይ ካለችው የአንታሎ ከተማ ስም ተወስዶ አንታሎ ይባላሉ። ያ ሁሉ ደጋ ባሕር ነበር። ይህ በአሲድ አሟሙቶ የቀረውን መልቀም የተፈለሰፈው እንዲህ ላለ ድንጋይ ነው። አገር ቤት ቅሪተ አካል በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። ፈቃዱ ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ልጆች ግን አቼቶና ወንፊት ይዘው ቢጀምሩ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ሜይ መጀመሪያ፦ ጥቁሮቹ ፍሬዎች

ዛጎሉ ከሄደ በኋላ የቀረው ነጭ ኳርትዝና ጥቁር ፍሬ ነው። ኳርትዙ ቀላል ነው። የኳርትዝ እፍጋት 2.65 ነው፣ አፓታይት ከ3.1 በላይ። ወርቅ እንደሚታጠበው በሳህን ውሃ ውስጥ ሲዟዟር ኳርትዙ ወደ ላይ ይወጣና ይፈሳል፣ ከባዱ ከታች ይቀራል። ላቦራቶሪዎች ለዚህ ሶዲየም ፖሊታንግስቴት የሚባል ከባድ ፈሳሽ ይጠቀማሉ፤ ኳርትዙ ይንሳፈፋል፣ አፓታይቱ ይሰጥማል። ዋጋውን አየሁ፤ ለኪሎ በመቶዎች ዶላር ይጠይቃል። ተውኩት። ሳህኑ ይበቃል።

ችግሩ ጥቁሮቹ ናቸው። ይህ የፎስፌት አገር ነው። ጥቁርና ቡናማ፣ ክብ ወይም እንቁላል ቅርጽ ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁ የፎስፌት እንክብሎች አሸዋው ውስጥ በብዛት አሉ። ከምን ተሠሩ? ከዚያው ከአፓታይት። አሲድ አይለያቸውም። ክብደት አይለያቸውም። ቀለማቸውም የጥርሱ ቀለም ነው። አጥቤ፣ አሟሙቼ፣ አዟዙሬ ያተረፍኩት እነሱን ነው ማለት ይቻላል፤ ዴንቲክሎቹ በመካከላቸው ተደብቀዋል። ማግኔት ሞከርኩ፤ ጥቂት የብረት ፍሬዎች ይዞ ወጣ፣ ሌላውን አልነካውም።

እናቴ የልጅ ልጇን ልታይ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር ነች። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በስቴኪኒ አንድ በአንድ ስለይ ብዙ ጊዜ ታየኛለች።

«ምን እየለቀምክ ነው?»

«የሻርክ ጥርስ ነው፣ እማዬ። ከጥቁሮቹ አልለይ ብሎኝ ነው።»

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች። «ክብ ክቡን ነው የማትፈልገው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን በእጅህ ትለቅማለህ? እህል ሳንገዋልል አይተኸኝ አታውቅም? እስቲ ወዲህ በል።»

ሰፌዷን አመጣች። ደቃቁ ስፌቱ ውስጥ እንዳይገባ ወፍራም ወረቀት አነጠፍንበት። አንድ ቁንጥር አሸዋ ከላይኛው ጠርዝ አደረገች። ሰፌዱን ትንሽ አዘንብላ በጣቷ ጫፍ ከሥር መታ መታ ታደርገዋለች። ክቦቹ እየተንከባለሉ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወረዱ። ጠፍጣፋውና ማዕዘን ያለው ባለበት ቀረ። በእያንዳንዷ ንቅናቄ የቀረው ክምር እየሳሳ፣ ቀለሙ ከጥቁር ወደ ቡናማ እየዞረ መጣ። የቀረውን በሌንስ ሳየው የስቲንግሬይ ጥርስ፣ የጥርስ ስብርባሪ፣ የኳርትዝ ስንጣቂ ነው፤ እንክብሉ ከግማሽ በላይ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በዚህ ነው የሚሄደው። ጥቂት ማስተካከያ አደረግሁበት። ፕላስቲክ ትሪ አይሆንም፤ ደረቅ ፍሬ በኤሌክትሪክ ይጣበቅበታል። ወረቀቱ ለስላሳ ግን የማያብረቀርቅ ይሁን። እያንዳንዱ መጠን ለየብቻ ይንገዋለል፤ የ1 ሚሊሜትሩና የ0.25ው አንድ ላይ ከሆኑ ትልቁ ትንሹን ይገፋዋል። ተንከባሎ የወረደውንም አልጥለውም። የአንዳንድ ዓሣ ጥርስ ክብ ነው፤ ድራም የሚባለው ዓሣ ዛጎል የሚፈጭበት ጥርስ ከእንክብሎቹ ጋር አብሮ ይንከባለላል። ያንን ክምር ለየብቻ አይቼዋለሁ፣ ተገኝቶበታል።

ሜይ መጨረሻ፦ ለቀማ

ማይክሮስኮፑ ያገለገለ ነው፤ ሁለት ዓይን ያለው፣ ከ10 እስከ 40 እጥፍ የሚያጎላ። ከ150 ዶላር ብዙም አልዘለለም። ለዚህ ሥራ ትምህርት ቤት ያየነው ባለ መስታወት ስላይድ ማይክሮስኮፕ አይሆንም። ከታች እጅና ብሩሽ የሚያስገባ ክፍተት ያለው ስቴሪዮ ያስፈልጋል።

ጥቁር ካርቶን ላይ በነጭ እስክሪብቶ ካሬ ካሬ አሰመርኩ። አሸዋው በስሱ ይበተንበታል። ከመጀመሪያው ካሬ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ረድፍ በረድፍ ይታያል። መስመር ከሌለ ዓይን ወደ ሚያምረው ይሮጣል፤ ግማሹ ሳይታይ ይቀራል። መልቀሚያው የሥዕል ብሩሽ ነው፣ ሦስት ዜሮ የሚባለው ቀጭኑ። ጫፉን ውሃ ነክቶ ፍሬውን መንካት ነው፤ ተጣብቆ ይነሳል። ፒንሴት ይሰብራል፤ ካልሰበረም ፍሬው ይፈናጠርና ደህና ሰንብት።

መብራቱ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚታየው። ከላይ ሲሆን ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው። ከጎን ሲሆን ቦይ ጥላ ይጥላል።

የመጀመሪያዋ ዴንቲክል በባለ 0.5ው ክፍል ውስጥ ነበረች። መጀመሪያ ያየሁት ማንጸባረቋን ነው። እንክብል በአንድ ነጥብ ነው የሚያንጸባርቀው፤ ይቺ በሦስት ቀጫጭን መስመሮች አንጸባረቀች። አክሊሏ ቅጠል ቅርጽ አለው፣ የማር ቀለም፣ በብርሃን ፊት ትንሽ የሚያሳልፍ። በላዩ ሦስት ጠርዞች ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ጠርዝ ወደ ኋላ በትንሽ ጫፍ ያልቃል፣ የመሃሉ ይረዝማል። ከአክሊሉ ሥር ቀጭን አንገት አለ። ከአንገቱ ሥር አራት ማዕዘን መሳይ መሠረት፣ ደብዛዛ፣ ግራጫ፤ ቆዳው ውስጥ ተቀብሮ የነበረው ክፍል ነው። በብሩሹ ገለበጥኳት። መሠረቱ መሃል ላይ ቀዳዳ አለ። ደም ሥሩ የገባበት ነው። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ በዚያ ቀዳዳ ደም ይገባ ነበር።

ያ ቀዳዳ ዋናው መለያ ነው። ጠርዝ ያለው ድንጋይ አለ፣ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አለ። አንጸባራቂ አክሊል፣ ደብዛዛ መሠረትና ከሥር ቀዳዳ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ያለው ድንጋይ ግን የለም።

ጁን፦ የማን ነው?

እዚህ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የአፍ ጥርስን ወደ ዝርያ ማድረስ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ዴንቲክልን ግን አንድ ሻርክ ራሱ ላይ ብዙ ዓይነት ይሸከማል። አፍንጫው ላይ ያለው ድፍን፣ ለስላሳ፣ ጠጠር የመሰለ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ባለ ጠርዝ ነው። ክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ከአንዲት ፍሬ ተነስቶ ይህ የእገሌ ሻርክ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥቂት ለየት ያሉ ዝርያዎች ካልሆኑ በቀር።

መናገር የሚቻለው ስለ አኗኗሩ ነው። እንደ ማኮ ያለ ፈጣን ዋናተኛ ዴንቲክሉ በጣም ትንሽ፣ ስስ ነው፤ ጠርዞቹ የተቀራረቡ ናቸው። ጠርዞቹ ውሃው ሰውነቱን ታክኮ እንዲያልፍ ይረዳሉ፣ መጎተትን ይቀንሳሉ። እንደ ነርስ ሻርክ ወለል ላይ የሚተኛ፣ ከድንጋይ ጋር የሚታከክ ደግሞ ወፍራም፣ ለስላሳ ነው፤ ሥራው መከላከል ነው። እሾህ የመሰለም አለ። የመጀመሪያዋ ባለ ሦስት ጠርዝ በሁለቱ መካከል ናት። ካርዷ ላይ የጻፍኩት «ባለ ጠርዝ፣ መካከለኛ ውፍረት» ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ማለት ግምት ነው።

ስለዚህ ሦስት ሳጥን አዘጋጀሁ፦ ስስ ባለ ጠርዝ፣ ወፍራም ለስላሳ፣ እሾሃማ። አራተኛ ሳጥን ለስቲንግሬይና ስኬት (skate) ለሚባለው ሌላ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። የነሱ ዴንቲክል ኮከብ መሠረት ላይ የቆመ እሾህ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሻርክ ነው ብሎ የሚሳሳተው በሱ ነው።

የአፍ ጥርሶቹ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። መልአክ ሻርክ ሰፊ ጠፍጣፋ ሥር ላይ አንድ ለስላሳ ሹል ጫፍ ነው። የስኬት ጥርስ የወንዱና የሴቷ ይለያያል፤ የወንዱ ሹል ነው፣ ሴቷን በመራቢያ ጊዜ የሚይዝበት፤ የሴቷ ጠፍጣፋ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ጥርስ ጾታ መገመት ይቻላል።

ከባለ 4 ሚሊሜትሩ ላይ ሄሚፕሪስቲስ ሴራ የሚባል ሻርክ የላይኛ መንጋጋ ጥርስ ወጥቷል፤ ጠማማ፣ ጠርዙ ትልልቅ የመጋዝ ጥርስ ያለው። ይህ ዝርያ በማዮሲን ዘመን እዚህ አትላንቲክ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ዛሬ የለም። ከወገኑ የቀረው አንድ ዝርያ ነው፣ ሄሚፕሪስቲስ ኤሎንጋታ። የሚኖረው በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ ፓስፊክ ነው፤ ቀይ ባሕር ውስጥም አለ። የዚህ ካሮላይና ጥርስ የሥጋ ዘመድ ምጽዋ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ይዋኛል ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያቺን ጥርስ ከሌሎቹ ለይቼ ነው የማስቀምጣት።

ጁን መጨረሻ፦ ቆጠራ

ዴንቲክል መቁጠር ለምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሁለት ሥራዎችን ልጥቀስ።

በ2021 ኤልዛቤት ሳይበርት እና ሊያ ሩቢን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ከጥልቅ ባሕር ወለል የተቆፈረ ጭቃ ውስጥ ያለውን የሻርክ ዴንቲክል ከሌላው ዓሣ ጥርስ ጋር አነጻጸሩ። ከ19 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ዴንቲክሉ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ከ90 በመቶ በላይ። ዓይነቱም ከ70 በመቶ በላይ ጠፋ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ የሻርክ እልቂት መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር፤ ትልልቆቹን ጥርሶች ስንሰበስብ አልታየንም። ጥናቱ ተቃውሞም ገጥሞታል፤ ክርክሩ ጤናማ ነው።

በዚያው ዓመት ኤሪን ዲሎን እና ባልደረቦቿ በፓናማ፣ ቦካስ ዴል ቶሮ፣ የኮራል አሸዋ በአሲድ አሟሙተው ዴንቲክሉን ቆጠሩ። የ7,000 ዓመት ዕድሜ ያለውን የኮራል ክምር (ሪፍ) ከዛሬው ጋር ሲያወዳድሩ ዴንቲክሉ 71 በመቶ ያህል ቀንሷል። ይበልጥ የቀነሱት ፈጣን ዋናተኞቹ ናቸው፣ ሰው የሚያጠምዳቸው። የቆዳ ጥርስ ባይኖር ኖሮ ያ ባሕር በፊት ምን ያህል ሻርክ እንደነበረው የሚነግረን አልነበረም።

የኔ አሸዋ እንዲህ ያለ ቁጥር አይሰጥም፤ ይህን በግልጽ መጻፍ አለብኝ። ሁለት ዘመን የተደባለቀበት ነው። ማውጫው ራሱ በወንፊት ካሳለፈው በኋላ የተጣለ ነው፤ ደቃቁ ምን ያህል እንደወጣ መለካት አይቻልም። ስለዚህ የዴንቲክልና የዓሣ ጥርስ ንጽጽር ብሠራም ትርጉም የለውም። መቁጠር የምችለው በሦስቱ ሳጥኖች መካከል ያለውን ድርሻ ነው፤ እሱም በአንድ ወንፊት መጠን ውስጥ ብቻ።

ለዚያ ደግሞ አድልዎ የሌለው ናሙና ያስፈልጋል። ከላይ ጭብጥ አድርጎ መውሰድ አይሆንም፤ ከባዱ ወደ ታች ይሰበሰባል። የደረቀውን በሾጣጣ እቆልለዋለሁ፣ ጫፉን ተጭኜ ጠፍጣፋ አደርገዋለሁ፣ እንደ መስቀል አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። ትይዩ ያሉትን ሁለቱን አስቀርቼ ሁለቱን ወደ ከረጢት። እንደገና እቆልላለሁ፣ እከፍላለሁ፤ ለመልቀም የሚበቃ ትንሽ እስኪቀር ድረስ።

እስካሁን ባለ 0.5ው ክፍል ውስጥ ወፍራም ለስላሳው ሳጥን ይበልጣል። ባለ 0.25ው ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ፤ ስስ ባለ ጠርዙ በዛ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የፈጣኖቹ ትንሽ ነውና። ግን 0.5 ላይ ባቆም ኖሮ ያ ባሕር የወለል ተኚዎች ባሕር ነበር ብዬ እጽፍ ነበር።

ጁላይ፦ ማስቀመጫ

መጀመሪያ በባዶ የጌላቲን ካፕሱል አስቀምጬ ነበር። ርካሽ ነው፣ ፋርማሲ አለ። የሜሪላንድ ሐምሌ ግን እርጥበቱ ከባድ ነው፤ ካፕሱሉ ለሰለሰ፣ ፍሬው ግድግዳው ላይ ተጣበቀ። ወደ ትንንሽ የመስታወት ብልቃጥ አዛወርኳቸው። ምርጦቹን ጥቁር ካርቶን ስላይድ ላይ ትራጋካንት በሚባል ሙጫ አጣብቄአለሁ። በውሃ የሚለቅ ሙጫ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ገልብጦ ከሥር ማየት ቢፈልግ ይችላል። ሱፐር ግሉ እዚህ ቦታ የለውም።

እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ አራት ነገር ተጽፏል፦ ቦታው፣ የወንፊቱ መጠን፣ አሲድ ነክቶታል ወይስ አልነካውም፣ ዘመኑ «የተደባለቀ»። የመጨረሻው ቃል ያሳዝነኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ፎቶ በስልክ ነው፣ ዓይን መመልከቻው ላይ በላስቲክ ታስሮ። በ40 እጥፍ የሚጠራው ስስ ክፍል ብቻ ነው፤ አክሊሉ ሲጠራ መሠረቱ ይደበዝዛል። ትኩረቱን ከላይ ወደ ታች እያወረድኩ ደራርቤ አነሳለሁ፣ ከዚያ ነጻ ፕሮግራም አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል።

ቀጥሎ ያለው ባለ 0.125 ሚሊሜትር ወንፊት ነው፤ ታዟል። ከባለ 0.25ው ያለፈውን ደቃቅ ውሃ አልደፋሁትም። ዘቅጦ፣ ደርቆ በከረጢት ጋራዥ ውስጥ አለ። የፈጣን ዋናተኞቹ ዴንቲክል ገና እዚያ ውስጥ ሊበዛ ይችላል። የሚንገዋለለው ግን በሰፌድ አይሆንም፤ ያን ያህል ደቃቅ ወረቀት ላይ ይጣበቃል። መስታወት ላይ እሞክረዋለሁ።

አሲድ ያልነካውን ከረጢት የሚፈልግ ፎራሚኒፌራ አጥኚ ካለ ይንገረኝ። በነጻ ነው፤ የወንፊቱን መጠን ጽፌበታለሁ።